የጥሩነሽ በሬ የግራ ነው የቀኝ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ወንበሩን ጠጋ ያደርግና «መቼም ይህን ሁሉ ዘመን ፖሊስ ሆነሽ ስንቱን ጉድ አይተሻል!» ይለኛል። የሚጠብቀው ተኩስ ነው፤ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ የተደረገ ትንቅንቅ ነው። እኔ ደግሞ ስለ አንዲት ፍየል እጀምርለታለሁ። ፊቱ ሲቀዘቅዝ ሳየው ሳቄ ይመጣል።

ምን ላድርግ! ዕድሜዬን የፈጀሁት በበግና በፍየል፣ በዶሮና በበሬ ስርቆት ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ስናገር ያፍሩልኛል፤ እኔ ግን አላፍርም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ በሬው ሲሰረቅበት የዓመት እህሉም፣ በጎረቤት ፊት ቀና ብሎ መሄዱም አብረው ይነዳሉ። ደመወዙን አላነሳውም፤ እሱም እኔን አንስቶኝ አያውቅ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ድብ ባሕር ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ከተማ ስለሆነ በሬ የማውቀው ልኳንዳ ቤት ተሰቅሎ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ አንድ ገበሬ በሬ ጠፋኝ ብሎ መጣ። ቃሉን እየተቀበልኩ «መልኩ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት። «መጋላ» አለኝ። መጋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሲያስረዳኝ፣ ሲያስረዳኝ ቆየና በመጨረሻ «ቡናማ» ብዬ ጻፍኩ። ለካስ ሰውዬው ማንበብ ይችላል። አንገቱን አስግጎ አየና ዓይኑ ፈጠጠ።

«ኧረ እታለም፣ እኔ የጠፋኝ በሬ ነው እንጂ ካፖርት አይደለም!»

ጣቢያው ሳምንቱን ሙሉ በእኔ ሲስቅ ሰነበተ። በሩን ከፍቶ የገባ ሁሉ «ካፖርቱ ተገኘ ወይ?» ይለኛል። አዛዣችን ሻምበል ሳቁን ሲጨርስ «ይህችን ልጅ ለአያ ሙጬ ስጡልኝ። እሳቸው ካላስተማሯት ወደ ከተማዋ ትመለስ» አለ።

አያ ሙጬ ሚሊሻ ነበሩ፤ ትውልዳቸው ጭልጋ ነው፤ ዱካ በመፈለግ በዚያ አገር የሚስተካከላቸው አልነበረም። ቀጭን፣ ረጅም፣ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ዱካ ላይ ፈጽሞ አይረግጡም፤ ዳር ዳሩን ነው የሚሄዱት። እኔ ሳላውቅ ስረግጥ «ምነው ፈንትዬ፣ የሰው ደብዳቤ ላይ ትቆሚያለሽ?» ይሉኛል።

ማንበብን እንደገና ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በሬ በፈቃዱ ሲሄድ ግራና ቀኝ ያለውን ሣር እየነጨ ነው፤ ሲነዳ ግን ሣሩ ሳይነካ ይቀራል። ቆሞ የጣለው እበት ይከመራል፤ እየተጣደፈ የጣለው መንገዱን ይዞ ይንጠባጠባል። በገመድ የተጎተተ በግ የፊት እግሩን ይተክላል፣ ጥፍሩ አፈሩን ወደፊት ይገፋዋል። ይህን ሁሉ ቁጢጥ ብለው በስንጥር እያሳዩ ሲነግሩኝ አገሩ በሙሉ ቤተ መጻሕፍት ይመስለኝ ጀመር።

አንድ የማይለወጥ ልማድ ነበራቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ ከብት ሲካሰሱ ለከብቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡና «ነውሩ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልኩን አይጠይቁም፣ ዕድሜውን አይጠይቁም። የመጀመሪያው ጊዜ ነገሩ በአንዲት ፍየል ነበር። አንደኛው ከሳሽ «ምን ነውር አላት! ወተቷ የላም ነው፣ ጠባይዋ የመነኩሴ» አለ። ሌላኛው «ይህች መዓተኛ! ስንት ልብስ በልታብኛለች!» ብሎ ጮኸ። አያ ሙጬ ጋቢያቸውን አውልቀው አጥር ላይ ጣል አደረጉት። ፍየሏ ወደ ሣሩም አላየች፤ ቀጥ ብላ ሄዳ የጋቢውን ጫፍ ታኝክ ጀመር። ተሳዳቢው ፍየሏን እየጎተተ፣ እየተሳደበ፣ ደስ ብሎት ሄደ።

«ባለቤት ከብቱን ያማል፤ ሌባ ግን ያሞግሳል» አሉኝ የተበላውን ጋቢያቸውን እያራገፉ። «ይህን ከያዝሽ ሌላው ትርፍ ነው።»

ይዤው ነበር ብዬ አስብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። ወለቃ መንገድ ዳር አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄደው እንስራ በጠራራ ፀሐይ ኩኩሉ ብሎ ሲጮህበት እዚያው ነበርኩ፤ አውራ ዶሮውን ከውስጥ አውጥተን ለባለቤቷ ስንሰጥ ሌባው ራሱ ሳቀ። ጎንደር ከብት ገበያ ላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ጨረስኩ። አሁን ገበሬው የበሬውን ፎቶ በስልኩ ይዞ ይመጣል፤ ወጣቶቹ ፖሊሶች ስልክ ከስልክ አስተያይተው ይፈርዳሉ። ሸጋ ነገር ነው፤ አልቀናም። ብቻ ፎቶውን ባየሁ ቁጥር «ያነሳው ሰው የቆመው በየት በኩል ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ እነሱም አሮጊቷ ጀመራት ይላሉ። ለምን እንደምጠይቅ የሚያውቀው ጥሩነሽን የሚያውቅ ነው።

ጥሩነሽ ድብ ባሕር አጠገብ የምትኖር፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ያላት አንድ በሬ ነው፤ መልኩ አመድማ ስለሆነ ዳለቻ ይሉታል። በአንድ በሬ አይታረስምና ጎረቤቷ ይርጋ የራሱን አንድ በሬ ከእሷው ጋር አቀናጅቶ የሁለቱንም መሬት ተራ በተራ ያርሳል። ይህን መቀናጆ ይሉታል። ሴት እርፍ ጨብጣ ማረስ በዚያ አገር ነውር ነው። ስለዚህ የጥሩነሽ ድርሻ ምሳ ማድረስና ድንበሩ ላይ ቆሞ ማየት ነበር። ዳለቻ ከሌለ መቀናጆው ይፈርሳል። መቀናጆው ከፈረሰ መሬቷን ለሌላ አራሽ ሰጥታ ግማሹን ምርት ትጠብቃለች፤ ግማሹ ደግሞ ሦስቱን ልጆች እስከ ጥር እንኳ አያደርስም።

በሬው የተሰረቀው በግንቦት መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ ዝናብ በሚጠብቅበት ሰሞን ነው። አያ ሙጬ ለተዝካር ጭልጋ ወርደዋል። ይርጋም የታመመ ወንድሙን ሊያስታምም ጎንደር ሄዷል። በስምንተኛው ቀን ጥሩነሽ በሬዋን ገበያ ላይ ጫኔ በሚባል ሰው እጅ አገኘችውና ጮኸች፤ ሁለቱንም ከነበሬው ወደ ጣቢያ አመጣናቸው።

ጫኔ አንደበቱ የማር ነው። «ከጥጃነቱ ያሳደግሁት በሬ ነው። የዋህ ነው፣ እንደ በግ ነው፣ አንድ ነውር የለበትም» አለ። ያን ጊዜ ጆሮዬ የት ነበር? ጆሮዬማ ሌላ ነገር ያሰላስል ነበር፤ አያ ሙጬ ሳይኖሩ ነገሩን ብቻዬን ልፈታና ሲመለሱ ልነግራቸው ቸኩያለሁ።

ከእሳቸው የተማርኩት አንድ ሌላ ብልሃት ነበር። የእርሻ በሬ ጎኑን ያውቃል፤ በቀኝ መጠመድ የለመደ በሬ በግራ አይጠመድም። ሁለቱን ለየብቻ ጠየቅኳቸው። ጫኔ «የቀኝ በሬ ነው» አለ። ጥሩነሽ ለአፍታም ሳታመነታ «የግራ!» አለች፤ በልጆቿም ማለች። በሁለቱም ጎን የሚጠመድ አንድ በሬ ከነአራሹ ከጎረቤት ተዋስኩ፣ ቀንበር አስመጣሁ፣ ከአራሹ ጋር ከኋላ ቆምኩና ዳለቻን አስለቀቅኩት። በሬው ዞር ዞር አለ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄዶ በቀኝ በኩል አንገቱን ዝቅ አደረገ። የተሰበሰበው ሰው «አጀብ!» አለ። ኩራቴ ልብሴን ሊቀደው ደረሰ።

«ኧረ የኔ ነው! ስሙን ልጥራው፣ ፊቱን ያዙርልኝ!» አለች ጥሩነሽ።

«በሬው ራሱ መሰከረብሽ» አልኳት። በሕይወቴ ብዙ የማይረባ ነገር ተናግሬአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ተናግሬ አላውቅም። ጫኔ አስፈርሞኝ፣ ፈርሞ፣ ዳለቻን ነድቶ ሄደ። ጥሩነሽ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ልጆቿ ተመለሰች።

አያ ሙጬ በአምስተኛው ቀን መጡ። ታሪኩን ከነቀንበሩ ተረኩላቸው። ሲያዳምጡ ቆዩና ፊቴን ትኩር ብለው አዩት።

«ምነው ፈንትዬ፣ ጥሩነሽ በሬዋን የምታየው የት ቁማ ነው?»

አልገባኝም። ወደ ግቢው ወሰዱኝና ፊት ለፊቴ ቆሙ። «ቀኝ እጅሽን አንሺ» አሉኝ። አነሳሁ። «ይህ እጅ ከቆምሁበት ሳየው በየት በኩል ነው?»

በግራቸው በኩል ነበር።

«ይች ሴት እርፍ ጨብጣ ታውቃለች? አታውቅም። በሬዋን የምታየው ምሳ ይዛ ድንበር ላይ ቁማ፣ ወደሷ ሲመጣ ነው። ከፊቱ እንጂ ከኋላው አይታው አታውቅም። ግራ ነው ያለችው እውነቷን ነው፤ አንችም ቀኝ ነው ያልሽው እውነትሽን ነው። የጠፋው ጠያቂ ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የደንብ ልብሴ እስኪረጥብ አለቀስኩ። ይርጋ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ነበር፤ ብጠብቀው ኖሮ በሬው በየትኛው ጎን እንደሚጠመድ በአንድ ቃል ይነግረኝ ነበር። አያ ሙጬ አላባበሉኝም። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» አሉኝ። «ማፍሰሱን ጨርሰሻል፤ ተነሽ፣ የቀረው ለቀማው ነው።»

ሻምበል ስነግረው ራሱን ያዘ። «ፈርመሽ ያስረከብሽውን በሬ በምን አፍ ትመልሺዋለሽ?»

«ተሳስቻለሁ በሚል አፍ» አልኩት። ትንሽ አየኝና የትብብር ደብዳቤ ጽፎ ሰጠኝ።

ከሻምበል ይልቅ የከበደኝ ወደ ጥሩነሽ ቤት መሄድ ነው። ደጇ ላይ ቆሜ ጥፋቴን አንድ በአንድ ነገርኳት። ድንጋይ ብትወረውርብኝም አልሸሽም ነበር። ሰማችኝና ፊቷ ቀስ ብሎ በራ።

«እኔኮ ያዘንሁት ባንቺ አይደለም፤ በዳለቻ ነው! በሰው ፊት መሰከረብኝ ብዬ ተቀይሜው ነበር። ለካስ ልክ ነው? ወይኔ በሬዬ! እርቅ አለብኝ በይኛ!» ብላ ሳቀች። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ።

ሦስታችን ወጣን። ዝናቡ ገብቶ ስለነበር መሬት ላይ የቀረ ዱካ የለም፤ ግን የአገሩ ደንብ ነበር። በዚያ አገር ዱካ እየተከተሉ የሌላው ቀበሌ ወሰን ላይ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹን ጠርተው «ተረከቡ» ይሏቸዋል። የተረከበው ሕዝብ ወይ ዱካውን ከወሰኑ ያስወጣል፣ ወይ ሌባውን ያወጣል፤ አያገባኝም ማለት የለም። አያ ሙጬ «ዱካውን ዝናብ ቢያጥበው የሰው ዓይን አይታጠብም» እያሉ በየወሰኑ ወሬውን አስረከቡ። «ዳለቻ በሬ፣ ባለ ማር አፍ ነጂ» ስንል አንዱ ያየበትን ይጠቁማል፣ ሌላው እስከ ወንዙ ይሸኘናል። የሥራ ጉዳይ እየመጣ ስንመላለስ ሐምሌ አለቀ፤ ጥሩነሽ የገብስ መዝሪያዋ አለፈባት። በየመንደሩ የተዘራውን እያየች ስትሄድ ዝም ትላለች፤ ያ ዝምታ ለእኔ ነበር የሚነገረው። በመጨረሻ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቆላ ወርደን ሳንጃ አጠገብ ዳለቻን ከጫኔ ዘመድ ግቢ አገኘነው።

እዚያው የነበረው ጫኔ አልደነገጠም። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ይባል የለ? ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ለአገሩ ሽማግሌዎችና ለሳንጃ ጣቢያ ፖሊሶች አሳየ። «ይህችው ራሷ ናት ፈርማ የሰጠችኝ! ምነው፣ ፖሊስ በወር በወሩ ሐሳብ ይለውጣል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ፊርማው የእኔ ነው። ስህተቱም የእኔ ነው» አልኩና እንዴት እንደተሳሳትኩ፣ ግራውን ቀኝ እንዴት እንዳደረግኩት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ይሳቅ። እኔ እየቀለለኝ ሄደ።

አያ ሙጬ ለበሬው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። «ነውሩ ምንድን ነው?»

«አንድም የለበት» አለ ጫኔ።

«የዳለቻ ነውር ተነግሮ ያልቃል?» አለች ጥሩነሽ። «ሆዳም ነው። ዝንብ ሲነካው አራሹን በጅራቱ ይገርፋል። ምሳ ይዤ ሳልፍ ከኋላዬ ሰርቆ ይልሳል። ደሞ ፈሪ ነው፤ ሰው ቀድሞት ካልገባ ውሃ አይሻገርም፣ ቢገድሉት አይሻገርም!»

ወደ ወንዝ ወረድን። ጫኔ በሬውን ከኋላው ነዳው፤ ዳለቻ ዳር ደርሶ አራት እግሩን ተከለ። ጮኸበት፤ መታው፤ ሁለት ሰው አስጨምሮ ገፋው። በሬው ወደኋላ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ጥሩነሽ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። ዞራም አላየችው፤ «ና እንግዲህ፣ አንተ ምስክር!» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ዳለቻ ተነስቶ ተከተላት፤ ሌላኛው ዳር ሲደርሱ አፍንጫውን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ልብስ ሊያጥቡ የመጡ ሴቶች እልል አሉ። ጫኔ ቆይቶ አመነ፤ ፍርዱንም እዚያው አገኘ።

ድብ ባሕር ስንመለስ የገብሱ ነገር አልፏል፤ ግን አንድ ተስፋ ቀርቶ ነበር። ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲወጣ፣ ጥቁሩ አፈር እርጥበት እንደያዘ ነው። ያች ሳምንት ካለፈች አፈሩ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ የጥሩነሽ ዓመት ባዶ ይሆናል። ይርጋ ደግሞ ወንድሙ ብሶበት እንደገና ጎንደር ሄዷል፤ በሬውን ግን ትቶላታል። ሌላው ሰው የየራሱን መሬት ለማድረስ ይሯሯጣል። በሬዎቹ ሁለት ሆነዋል፤ የጠፋው እጅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አያ ሙጬ ሊጠሩኝ መጡ። ስንደርስ ጥሩነሽ በሬዎቹን ጠምዳ፣ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ፣ እርፉን ጨብጣ ቆማለች። ሰው ድንበሩ ላይ ተሰብስቧል። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ተይ ልጄ! ሴት እርፍ ከጨበጠች ዝናብ ይቀራል!» እያሉ ይለምኗታል።

«አያ፣ የሽምብራ ጊዜኮ ነው» አሉ አያ ሙጬ። «ዝናቡማ ሄዷል። ምን ይቀርብናል?»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌውም ራሳቸውን ነቅንቀው ሳቁ። ጥሩነሽ ጅራፏን አነሳችና «ና ዳለቻ!» አለች። የመጀመሪያው ትልም እንደ እባብ ተጣመመ፤ ማረሻው ከአፈሩ እየወጣ፣ እሷ መልሳ እየጫነችው፣ ግን አልቆመችም። ጥግ ደርሳ በሬዎቹን አዞረች፤ አሁን ትልሙ ተስተካክሎ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። መሃል ላይ ስትደርስ ድንገት ጮኸች።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! እውነትም የቀኝ ኑሯል!»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። እኔ ደስታዬን መቻል አቅቶኝ እንባዬን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ። ምሳዋን ይዤ ድንበሩ ላይ፣ ከፊት ለፊቷ ነበር የቆምኩት፤ ዳለቻ እየጎተተ ወደ እኔ ሲመጣ በግራዬ በኩል ነበር።